ከመኪናው የወረደው ሃያሲ

ኮንሰርቱ አልቆ መኪናው ወደ ጀልባው እያመራ ነው። ያኔ ከኒውፖርት ወደ ኒውዮርክ በኩል ለሚመለስ ሰው ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ የተከፈተው በ1969 ነው፤ ስለዚህ የባሕር ወሽመጡን በጀልባ መሻገር ግድ ይል ነበር። መኪናው ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ የ29 ዓመት ጥሩንባ ተጫዋች ነው። የተጨበጨበለት ጭብጨባ ገና ጆሮው ላይ አለ፣ የአንድ ትልቅ ሸክላ አሳታሚ ሰው ዓይኑን ጥሎበታል፣ ለዓመታት ፊቱን አዙሮበት የነበረው የጃዝ ዓለም በአንድ ምሽት ታርቆታል።

አብሮት ያለው የ37 ዓመት ፒያኒስት ግን ደስ ያለው አይመስልም። ያቺን ዜማ በትክክል እንዳልተጫወታት ለወጣቱ ነገረው። ዜማዋ የፒያኒስቱ ናት። ወጣቱም ዝም አላለም፤ ከኋላው ሲመታ የነበረውን ፒያኖ እሱም እንዳልወደደው፣ ነገሩም ቅናት እንደሚመስለው መለሰለት። ፒያኒስቱ መኪናውን አስቆመ። ወረደ። ወደ ጀልባው በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ጥሩንባ ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ነው፤ ፒያኒስቱ ቴሎንየስ ሞንክ። ዕለቱ እሑድ፣ ጁላይ 17 ቀን 1955፣ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ሌሎች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩን የምናገኘው ማይልስ በ1989 ካሳተመው ግለ ታሪክ ነው። ማይልስ ሲያወጋ ጨውና በርበሬ የማይቆጥብ ሰው ነበርና ሁሉንም እንዳለ መዋጥ አያሻም። እኔ ግን ስለዚያ ኮንሰርት ከተጻፈው ሁሉ ይህችን የመንገድ ላይ ጠብ አስበልጣለሁ። ጋዜጠኞቹ የጻፉት ስለ አንድ ሰው መመለስ ነበር፤ ሞንክ የተናገረው ስለ ዜማዋ ነው። በዚያ ምሽት ሙዚቃውን እንደ ሙዚቃ የገመገመ ሃያሲ እሱ ብቻ ነበር ለማለት ይቃጣኛል።

ጥሩንባ ሲባል እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚታወሰው የዕድሩ ጥሩንባ ነው። ገና ሳይነጋ ከሩቅ ተሰምቶ ሰውን ከአልጋው ቀና ያደርጋል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ያውጃል። ከዚያ ወዲያ ጥሩንባ የጦር ነው፣ የሰልፍ ነው። ሁሉም አዋጅ ነው። በአሜሪካም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1920ዎቹ ጥሩንባውን ከባንዱ ድምፅ በላይ አውጥቶ ለብቻው ሲያናግረው፣ ያናገረው በታላቅ ድምፅ ነው። ዲዚ ጊሌስፒ ደግሞ በ1940ዎቹ ፍጥነቱንና ከፍታውን ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ሰገነት ላይ ሰቀለው። ማይልስ ከነዚህ ሰዎች በኋላ መጥቶ ጥሩንባ ሹክ እንዲል አደረገ።

መሣሪያው ለዚህ የተሠራ አይደለም። ትራምፔት ማለት ተዘርግቶ ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን የተጠቀለለ የናስ ቱቦ ነው፤ ቁልፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። የቀረውን የሚሠራው የተጫዋቹ ከንፈር ነው። ከንፈር በትንፋሽ ይርገበገባል፣ ቱቦው ያን ርግብግቢት ያገዝፈዋል። በኃይል ሲነፋ ትንፋሹ ራሱ ከንፈርን ይደግፋል። በቀስታ ነፍቶ ድምፁ ሳይሰበር ማቆየት ግን ያለ ምርኩዝ እንደመቆም ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ረጅም ድምፅ ሲይዙ በመጠኑ የሚያወዛውዙት፤ ውዝዋዜው ድምፁን ያሞቀዋል፣ ትንንሽ ጉድለትም ይሸፍናል። ማይልስ ይህን መሸፈኛ የጣለው በልጅነቱ ነው። የኢስት ሴንት ሉዊሱ መምህሩ ኤልውድ ቡካነን፣ ስታረጅ መንቀጥቀጥህ አይቀርም፣ ከአሁኑ ምን አስቸኮለህ የሚል ዓይነት ተግሣጽ እንደነበረው ማይልስ ሲያወጋ ኖሯል።

የድሃ ልጅ አልነበረም። የጃዝ ታሪክ ሲተረክ ሁሉም ከጎዳና የተነሣ ማስመሰል ስለተለመደ ይህን ማንሣት ይገባል። በሜይ 26 ቀን 1926 ኢሊኖይ ውስጥ ኦልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ እርሻም ነበራቸው። እናቱ ቫዮሊን እንዲማር ቢፈልጉም ያሸነፈው የአባትየው ጥሩንባ ሆነ። በ1944 የቢሊ ኤክስታይን ባንድ ሴንት ሉዊስ መጥቶ አንድ ጥሩንባ ተጫዋቹ ታመመ። የ18 ዓመቱ ማይልስ ተተክቶ ከዲዚ ጊሌስፒና ከሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ጋር ተጫወተ። ከዚያ በኋላ የቀለም ትምህርት ነገር አበቃለት። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሄዶ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመዘገበ፤ ልቡ ግን የነበረው 52ኛው ጎዳና ክለቦች ውስጥ፣ ፓርከር ዘንድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ተወው።

ፓርከር ዘንድ የዲዚን ቦታ መሙላት ይጠበቅበት ነበር፤ አልቻለም። ዲዚ የሚወጣበት ከፍታ ላይ የማይልስ ከንፈር አይደርስም። ስለዚህ ወደ ታች ወረደ፤ ሰው በሚናገርበት መካከለኛ ድምፅ ላይ ተቀመጠ፣ ሌሎች አሥር ድምፅ በሚያስገቡበት ቦታ ሦስት አስገባ። ሃያስያን ይህን አንድ ጊዜ ድክመት፣ ሌላ ጊዜ ጥበብ ብለውታል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ድክመቱን አጥብቆ ስለያዘው ጥበብ ሆነለት። በ1948 ከአቀናባሪው ጊል ኤቫንስና ከሳክስፎኒስቱ ጄሪ መሊጋን ጋር ቱባና ፍሬንች ሆርን የጨመረ የዘጠኝ ሰው ባንድ አቋቁሞ የቀዘቀዘና የረጋ ሙዚቃ ሠራ። በ1949 ፓሪስ ሄዶ እንደ ታላቅ ከያኒ ተቀበሉት። አሜሪካ ሲመለስ ጥቁር ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ሥራም አልነበረም። ሄሮይን ጀመረ።

አራት ዓመት ያህል በዚህ አለቀ። ቀጠሮ ያልፋል፣ ክለቦች አያምኑትም፣ ስሙ ሲነሣ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። በመጨረሻ አባቱ እርሻ ሄዶ ቤት ዘግቶ፣ ያለ መድኃኒት እየተሠቃየ ሱሱን ለመተው ታገለ። አንድ ጊዜ ሞክሮ የተሳካለት ይመስል ብዙ ጊዜ ቢተረክም መንገዱ ወጣ ገባ ነበር። ያም ሆነ ይህ በ1954 ሰውዬው ተመልሷል። በኤፕሪል ለፕሬስቲጅ ኩባንያ የቀረጸው «ዎኪን» እስከ ዛሬ የዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። የጋዜጦቹ «መመለስ» ከመምጣቱ ከ15 ወር በፊት ማለት ነው። ሸክላው ግን ለገበያ የሚቀርበው በትንሽ ኩባንያ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ድሮም የሚሰማ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24፣ ሌላም ነገር ተፈጠረ። ማይልስ ከሞንክና ከቫይብራፎን ተጫዋቹ ሚልት ጃክሰን ጋር ስቱዲዮ ገባ። ሞንክ ሲያጅብ እንደሌላው ፒያኒስት ምንጣፍ አያነጥፍም። ሹል ሹል ድምፅ ባልታሰበ ቦታ ይጥላል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ በክርን ይነካሃል። ማይልስ እሱ ሶሎ ሲጫወት ሞንክ ፒያኖውን ጨርሶ እንዲተው ጠየቀው። ዜማ አቀናባሪነቱ በኒውዮርክ ሙዚቀኞች ዘንድ የሚታወቅን፣ በዕድሜም የሚበልጥህን ሰው ዝም በልልኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ተደባደቡ የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፈሰ፤ ሁለቱም ክደውታል። የኒውፖርቱ መኪና የቆመው ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ በተጀመረ ክርክር ላይ ነው።

ኒውፖርት የባለጠጎች የበጋ ማረፊያ ናት፤ የባሕሩ ዳርቻ በቤተ መንግሥት መሰል ቤቶች የተሞላ ነው። ከነዚያ ባለጠጎች ሁለቱ፣ ባልና ሚስቱ ሎሪላርዶች፣ ጆርጅ ዊን የተባለውን የቦስተን ክለብ ባለቤት ጋብዘው በ1954 የጃዝ ፌስቲቫል አስጀመሩት። በሁለተኛው ዓመት ፌስቲቫሉ ፍሪቦዲ ፓርክ ወደሚባል የስፖርት ሜዳ ተዛወረ። ዊን በኋላ እንደተረከው ማይልስ ኒውዮርክ ውስጥ ክለብ ቤት አግኝቶት፣ እኔ የሌለሁበት የጃዝ ፌስቲቫል አይሆንም የሚል ነገር ጣል አደረገበት። ዊንም በመጨረሻው ሰዓት ጨመረው። በካውንት ቤዚና በዴቭ ብሩቤክ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ለዚያች ምሽት ብቻ የተሰበሰበ ቡድን ነበር፤ መሊጋንና ዙት ሲምስ ሳክስፎን፣ ሞንክ ፒያኖ፣ ፐርሲ ሂዝ ባስ፣ ኮኒ ኬይ ድራም። ቡድኑን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ሌላ ማንም ሳይሆን ዱክ ኤሊንግተን ነው። በቡፌ ቋንቋ፣ ዋናው ወጥ እስኪቀርብ የሚበላ ሰላጣ ነበሩ።

ሦስት ዜማ ተጫወቱ፤ የሞንክን «ሃከንሳክ»፣ የሞንክን «ራውንድ ሚድናይት»፣ በመጨረሻም ከአራት ወር በፊት በ34 ዓመቱ የሞተውን ቻርሊ ፓርከርን ለማሰብ የእሱን «ናውስ ዘ ታይም»። መካከለኛው ዜማ ላይ ማይልስ ወደ ፊት ቀረበ፤ ዊን በኋላ ሲያስታውስ የጥሩንባውን አፍ ማይክሮፎኑ ላይ ደቅኖ ነበር የተጫወተው። ይህች እንቅስቃሴ ለእኔ የምሽቱ ቁልፍ ናት። ማይልስ የሚያፈስሰው ትንሽ ድምፅ ሜዳ ላይ እንደ ጭስ በኖ የሚቀር ነበር። ከሩቅ ቆሞ በኃይል የሚነፋ ሰው ደግሞ ነፋሱ ግማሹን ይወስድበታል። እሱ ግን ማይክሮፎኑን እንደ ጆሮ ቆጥሮ ተጠጋው፤ ሹክሹክታው በድምፅ ማጉያው እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። ሺሕ ሰው በአንድ ጊዜ ለእኔ ብቻ ተነገረኝ ያለበት ቅጽበት ነው። ራድዮ ዘፋኞች ይህን ዘዴ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል፤ ጥሩንባ ነፊዎች ግን ምን ይሠራልናል ብለው ይሆናል፣ ድምፅ መች አነሳቸው።

የጃዝ መጽሔቱ «ዳውን ቢት» ማይልስ በግሩም ሁኔታ መጫወቱን፣ መመለሱም በሙሉ እርምጃ ላይ መሆኑን ዘገበ። ወሬው ተዛመተ። ማይልስ ራሱ ግርግሩን በመገረም ነው ያየው፤ ሁልጊዜ እንደምጫወተው ነው የተጫወትኩት ሲል ነበር። ይህን ብዙዎች ትዕቢት አድርገው ይጠቅሱታል። የ1954ቱን ሸክላዎች ላዳመጠ ሰው ግን ደረቅ እውነት ነው። የተለወጠው ሰሚው ነው። ፓርከር ሞቷል፤ ጃዝ አልጋ ወራሽ ይፈልጋል። ከሱስ የዳነ ሰው ታሪክ ለመጽሔት ይጣፍጣል። ሃያስያኑ ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስበዋል፤ ክለብ ቤት ውስጥ ተበታትኖ ቢሆን አንድ ሁለቱ ብቻ ይሰሙት ነበር። ማይክሮፎኑም አለ። ሂሱ የተጻፈው ስለ ጥሩንባው ቢመስልም ግማሹ ስለዚህ ሁሉ ነው።

ሞንክስ ምን ነበር ያናደደው? «ራውንድ ሚድናይት» በ1955 ብዙ እጅ ያለፈች ዜማ ነበረች። መጀመሪያ በ1944 የቀረጻት ጥሩንባ ተጫዋቹ ኩቲ ዊሊያምስ ሲሆን የራሱን ነገር ጨምሮባት ስሙ ከደራሲው ጎን ሊጻፍ በቅቷል። ዲዚ መግቢያና መውጫ ሠራላት፤ ሙዚቀኞች መግቢያውን የዜማዋ አካል አድርገው ለመዱት። ሞንክ በ1947 ለብሉ ኖት እሱ እንደሚፈልጋት ቀርጿታል፤ ገበያው ግን የሌሎቹን ይዞ ሄደ። ያኔ ደግሞ ሞንክ በ1951 ከደረሰበት ክስ በኋላ የኒውዮርክ ፖሊስ የክለብ ሥራ ፈቃዱን ስለነጠቀው በከተማው ክለቦች መጫወት አይችልም። እንግዲህ እስቲ ነገሩን በእሱ ቦታ ሆናችሁ እዩት፤ ሥራ የሌለው ደራሲ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ ፒያኖህን ተውልኝ ያለው ወጣት የእሱን ዜማ በራሱ መንገድ ተጫውቶ ሕዝቡን ሲያስነሣ ያያል። ቅናት ቢኖርበትም አልፈርድበትም። ግን ከቅናቱ በታች ያለው ጥያቄ የሙያ ነው፤ ዜማ የማን ነው፣ የሠራው ወይስ ያሳመረው?

ታዳሚው መካከል ጆርጅ አቫኪያን ነበር፤ የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር። ማይልስ ከዚያ በፊትም ሲጠይቀው ቆይቷል፤ እሱ ግን ሱሱንም የፕሬስቲጅን ውልም ይፈራ ነበር። ያን ምሽት ፍርሃቱ ለቀቀው። መፍትሔውም ብልህ ነው፤ ኮሎምቢያ ከአሁኑ ይቀርጻል፣ የሚያወጣው ግን የፕሬስቲጅ ውል ሲያልቅ ነው። ማይልስ ለፕሬስቲጅ የቀረበትን ዕዳ ለመክፈል በ1956 ሜይ እና ኦክቶበር ሁለት ቀን ብቻ ስቱዲዮ ገብቶ አራት አልበም የሚሞላ ሙዚቃ ቀረጸ፤ ክለብ ውስጥ እንደሚጫወቱት፣ አብዛኛውን በአንድ ትንፋሽ። ቡድኑ ያኔ የራሱ ነው፤ ጆን ኮልትሬን፣ ሬድ ጋርላንድ፣ ፖል ቼምበርስ፣ ፊሊ ጆ ጆንስ። የኮሎምቢያው የመጀመሪያ አልበም በ1957 ሲወጣ ስሙ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ «ራውንድ አባውት ሚድናይት»። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ጋርላንድ ነው።

በዚህ ቅጂ ላይ ያለው የጥሩንባ ድምፅ ዓለምን ያዳረሰው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የጥሩንባው አፍ ውስጥ ሃርመን የሚባል ከቀላል ብረት የተሠራ ማፈኛ ይገባል፤ ዙሪያው በቡሽ ስለተለበጠ ትንፋሹ ሁሉ በማፈኛው ውስጥ ብቻ ያልፋል። መሐሉ ላይ ትንሽ ቱቦ አለችው፤ በእጅ ስትሸፈንና ስትከፈት እንደ ሕፃን ለቅሶ ታሰማለች። ማይልስ ያቺን ቱቦ ነቅሎ ጣላት። የቀረው ድምፅ ቀጭን፣ ብረት ብረት የሚል፣ ግን እንደ ትንፋሽ ቅርብ ነው። ያለ ማይክሮፎን ከሁለት ጠረጴዛ አያልፍም። የኒውፖርቱ መጠጋት እዚህ ላይ ዘዴ ሆኗል።

በ1958 ኒውፖርት ተመለሰ። አሁን ስድስት ናቸው፤ ኮልትሬን፣ ካነንቦል አደርሊ፣ ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ፣ ቼምበርስ፣ ድራመሩ ጂሚ ኮብ። ያው «ዳውን ቢት» ቡድኑ አልተሳካለትም አለ፤ የኮልትሬንንም አጨዋወት ቁጣ ብሎ ተቸው። ከስምንት ወር በኋላ፣ በማርች 1959፣ እነዚሁ ስድስት ሰዎች «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን መቅረጽ ጀመሩ (በአንዱ ዜማ ብቻ ፒያኖው የዊንተን ኬሊ ነው)። ከጃዝ አልበሞች ሁሉ በብዛት ከተሸጡት አንዱ ሆነ። በዚህ አልበም ላይ ማይልስ በየአፍታው የሚለዋወጡትን ኮርዶች ቀንሶ ተጫዋቹ በአንድ የድምፅ ረድፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አደረገ። ትዝታና ባቲ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም፤ ቅኝት ይዞ ውስጡ መኖር ማለት ነው፣ ምንም እንኳ የእነሱ ረድፍ ከእኛ አምስት ድምፅ የተለየ ቢሆን።

የ«ዳውን ቢት»ን ሃያሲ ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም። አንድ ጊዜ ሰምቶ፣ ለኅትመት ቀን ተቻኩሎ የሚጽፍ ሰው ነው። የ1958ቱ ኮንሰርት በቴፕ ስላለ መስማት ይቻላል፤ እኔ ሳዳምጠው ገምጋሚው የሰማውን መጣደፍ እሰማለሁ። የተሳሳተው መጣደፉን ድካም አድርጎ በማየቱ ነው። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ከዚህ የከፋ ይሳሳታሉ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1964 ማይልስ ኒውዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር በሚገኘው ፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ኮንሰርት ነበረው፤ ገቢው በሚሲሲፒና በሉዊዚያና ጥቁሮች ለመራጭነት እንዲመዘገቡ ለሚደረገው ዘመቻ የሚውል። ማይልስ ባንዱም ያለ ክፍያ እንዲጫወት ወሰነ። ይህን ከኸርቢ ሃንኮክ፣ ከሮን ካርተር፣ ከጆርጅ ኮልማንና ከ18 ዓመቱ ድራመር ከቶኒ ዊሊያምስ ጋር አስቀድሞ አልተማከረም። ከመድረክ በስተጀርባ ጠብ ሆነ፤ ተኳርፈው ወደ መድረክ ወጡ። ሲጨርሱም ሃንኮክ እንዳስታወሰው የከሸፈ ምሽት ነው ብለው ነበር የወጡት።

ቴፑ ግን ሌላ ተናገረ። ኮሎምቢያ ዝግ ያሉትን ዜማዎች «ማይ ፈኒ ቫለንታይን»፣ ፈጣኖቹን «ፎር ኤንድ ሞር» ብሎ ለሁለት ከፍሎ አወጣቸው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ማይልስ በመድረክ ላይ ከተቀረጸው ሁሉ ይበልጣል፤ ኒውፖርት 1955ን ጨምሮ። ኩርፊያው እዚያ ውስጥ ይሰማል። እርስ በርስ የማይተያዩ ሰዎች ሲደማመጡ የሚፈጠር ውጥረት አለ፤ አንዱ ቀለበት ይጥላል፣ ሌላው ሳያየው ያነሣዋል።

በእነዚህ ዓመታት ጋዜጦቹ ከሙዚቃው ይልቅ የተጨነቁት በጀርባው ነው። ማይልስ የዜማ ስም አይናገርም፣ ሕዝብ አያመሰግንም፣ ሌላው ሶሎ ሲጫወት ከመድረክ ይወርዳል፣ ሲመለስም ፊቱን ወደ ባንዱ አዙሮ ይቆማል። እንዴት ያለ ንቀት ነው ተባለ። ያው ሰው የሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጀርባውን ሲያሳየው ቅር አይለውም። ማይልስ በዓይኑና በትከሻው ባንዱን ይመራ ነበር፤ የት እንደሚቆም የሚወስነው ድራሙን የት ሆኖ እንደሚሰማ ነው። በእርግጥ ንቀትም ነበረበት፤ ጥቁር ሙዚቀኛ ጥርሱን እያሳየ እንዲያዝናና የሚጠብቅን ሰው አልፈገግልህም ማለቱ ነበር። በኦገስት 1959 ስሙ በደጁ ትልቅ ሆኖ በተሰቀለበት በርድላንድ ክለብ በር ላይ ፖሊስ ጭንቅላቱን ፈንክቶታል። ፈገግታ ያነሰው ለዚህ ነው ብሎ አልተናገረም፤ ጀርባውን እየቆጠሩ የጻፉት ግን ይህን ከሂሱ ጋር ለማያያዝ አልደከሙም።

ቀጥሎ የመጡትን በሩጫ ልለፍ፤ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኪቦርድ፣ የ1970ው «ቢችስ ብሩ»፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዟ ዋይት ደሴት ለሮክ ሊሰማ በመጣ በመቶ ሺዎች ሕዝብ ፊት መቆም፣ ግማሹ ሃያሲ ከዳተኛ ማለቱ። እነዚህ ራሳቸውን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋሉ። በ1975 በሕመምና በኮኬይን ተዳክሞ መጫወት አቆመ። አምስት ዓመት ገደማ ጥሩንባውን አልነካም ማለት ይቻላል።

ጁላይ 5 ቀን 1981፣ ያው ጆርጅ ዊን፣ ያው የፊልሃርሞኒክ አዳራሽ፤ ስሙ ብቻ ያኔ ኤቨሪ ፊሸር ተብሎ ነበር። ዳግመኛ መመለስ። ብዙዎቹ ሃያስያን ግን በዚህኛው አልተደሰቱም፤ ትንፋሹ አጥሯል፣ ሙዚቃው ሳስቷል፣ ዳንስ ቤት ዳንስ ቤት ይላል አሉ። የተናገሩት ብዙው ትክክል ነበር፤ ሰውዬው ታሟል፣ ከንፈሩም ገና አልጠነከረም። በዚያ ክረምትና መጸው ከቦስተን፣ ከኒውዮርክና ከቶኪዮ ኮንሰርቶች የተለቀመው «ዊ ዋንት ማይልስ» ግን የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ1955 ጤነኛ ሙዚቃ ተጫውቶ የሰውዬው ትንሣኤ ተሞካሸለት፤ በ1981 ትንሣኤው ራሱ ተነቀፈ፣ ሸክላው ተሸለመ። እኔ አልበሙን አውጥቼ ብዙ አልሰማውም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ግን ያ ማይክሮፎን የሚልስ ቀጭን ድምፅ በባስ ጊታሩ ሆታ መካከል ብቅ ሲል ሥራዬን አቆማለሁ።

የ1955ቱ ቴፕ በ2015 ማይልስ በኒውፖርት ከተጫወታቸው ሌሎች ኮንሰርቶች ጋር ተሰብስቦ በይፋ ታትሟል። ኤሊንግተን ሲያስተዋውቅ ይሰማል፤ ከዚያ ሦስቱ ዜማዎች። ማን ትክክል ነበር የሚለውን አሁን ማንም በጆሮው ሊዳኝ ይችላል፤ ፒያኖውን ለብቻው፣ ጥሩንባውን ለብቻው እየተከተሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዳመጥ ነው።

ሞንክ በ1957 የሥራ ፈቃዱ ተመልሶለት፣ ማይልስ በዚያው ዓመት ያባረረውን ኮልትሬን ይዞ ፋይቭ ስፖት ክለብ ውስጥ ለወራት ተጫወተ፤ ኒውዮርክ እሱንም ዘግይታ አወቀችው። ከ1976 ወዲህ ግን መድረክ ላይ አልታየም። ማይልስ በኤቨሪ ፊሸር አዳራሽ ሲጫወት፣ ሞንክ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ዊሃውከን ውስጥ አንዲት ወዳጁ ቤት ነበር። ቤቱ ውስጥ ፒያኖ ነበረ፤ አይነካውም። በፌብሩዋሪ 1982 አረፈ።